ትርፉ ሲያድግ ደመወዙ ለምን ቆመ? ከጎንደር ለደረሰን ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

«በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ አካባቢ በሚገኝ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የሠራተኛውን ደመወዝ በየወሩ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ የድርጅቱን ዓመታዊ ሒሳብ ስንዘጋም አለሁበት። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር አውቃለሁ። የድርጅቱ የተጣራ ትርፍ፣ ግብር ከተከፈለ በኋላ፣ ካቻምና 6 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ዓምና 14 ሚሊዮን ደርሷል። በማምረቻውና በማሸጊያው የሚሠሩት 90 ሰዎች ግን፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው፣ የወር ደመወዛቸው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ 2,800 ብር ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ትርፍ ይሠራሉ፤ ለዚያ የሚከፈላቸው ነገር የለም። ጥያቄ ሲነሣ የድርጅቱ ባለቤት ‹አንዱ ቢሄድ ዐሥሩ በር ላይ ቆሟል› ይላሉ። ክፉ ሰው ናቸው ለማለት ግን አንደበቴ አይደፍርም፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብዙ ይሰጣሉ፤ ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት እህልና ድንኳን ይልካሉ። በቅርቡ ደግሞ ለጡረታና ለገቢዎች በሚቀርበው ዝርዝር ላይ የሾፌሮችና የቴክኒሻኖች ደመወዝ ከሚከፈላቸው በታች ሆኖ እንዲጻፍ አዘዙኝ። እኔ 11,000 ብር ይከፈለኛል፤ ቆላ ድባ ያሉትን እናቴንና ተማሪ ታናሽ ወንድሜን የምረዳው በዚሁ ነው። የማውቀውን ለሠራተኛው ልናገር? ሥራውን ትቼ ልውጣ? ወይስ ዝም ብዬ ልኑር? ዝምታዬስ ተባባሪ ያደርገኛል?»

ውድ እህቴ፣

ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ቀጠሮ የማይሰጠው በደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ እንደዋዛ የጠቀስሽው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ደመወዛቸው ተቀንሶ እንዲጻፍ የታዘዝሽበትን ዝርዝር አትፈርሚ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቀንሶ፣ አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ እንዲደረግ ያዝዛል። አንድ ሾፌር በእጁ 9,000 ብር እየተቀበለ በሰነድ ላይ ግን 4,000 ብር ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሊያስገቡለት ይገባ የነበረ 550 ብር በየወሩ ይቀርበታል። ዕድሜው ገፍቶ ወይም አካሉ ተጎድቶ ከሥራ ሲወጣ አበሉ የሚሰላው በዚያው በተቀነሰው ቁጥር ነው፤ ቢሞትም ለልጆቹ የሚተርፈው እንዲሁ። ሾፌሩ ራሱ ላይቃወም ይችላል፤ ዛሬ ግብሩ ስለሚያንስለትና እጁ ላይ የሚደርሰው ስለሚጨምር ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና። ይህን ቀድሞ ማየት የሚችለው ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ከዚህ በተጨማሪ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለግብር ሰብሳቢው ሐሰተኛ መረጃ ወይም ሰነድ ማቅረብን በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት አድርጎታል፤ ሰነዱን በእጁ ያዘጋጀ ባለሙያም «ታዝዤ ነው» በማለቱ ብቻ ከተጠያቂነት አይድንም። ስለዚህ ለባለቤቱ በአክብሮት፣ ነገር ግን በማያሻማ ቋንቋ፣ ይህን ዝርዝር በትክክለኛው ደመወዝ እንጂ በሌላ አኳኋን ማዘጋጀት እንደማትችዪ ንገሪያቸው፤ ከገፉበት ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጽሑፍና በማኅተም ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ሳይሰጥም ነገሩ ሊቀር ይችላል። ከቀረ መልካም፤ ካልቀረ ሥራሽ ላይ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ አላቃልልብሽም፤ ይሁንና ፊርማሽን ሰጥተሽ የምታተርፊው ደመወዝ እናትሽንም ወንድምሽንም በዘላቂነት ሊረዳ አይችልም።

ስለ ተባባሪነትሽ የጠየቅሽው ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። የ2,800 ብሩን ደመወዝ በትክክል መዝግበሽ በትክክል መክፈልሽ ተባባሪ አያደርግሽም፤ ደመወዙን የወሰንሽው አንቺ አይደለሽም። ጭንቀትሽ የመጣው በደሉን ስለፈጸምሽ ሳይሆን ከሌሎቹ ቀድመሽ ስላየሽው ነው። በብዙ የሥራ ቦታ ሠራተኛው ትርፉን አያውቅም፤ ባለቤቱ የሠራተኛውን የወር ወጪ አያውቅም፤ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያየው የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ነው። ይህ ከባድ ቦታ ነው፤ ልብሽ መክበዱም ጤነኛ ልብ መሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ በደሎች ተደባልቀው ቀርበዋል፤ መፍትሔያቸው ስለሚለያይ መለየት ይገባቸዋል። አንደኛው ለተሠራ ሥራ አለመክፈል ነው፤ ይህ በሕግ የተከለከለ፣ በፍርድ ቤትም የሚጠየቅ ነው። ሁለተኛው ትንሽ መክፈል ነው፤ ይህ ደግሞ፣ መራራ ቢሆንም፣ አሁን ባለው ሕጋችን አልተከለከለም። ብዙ ሠራተኞች ሁለተኛውን ይዘው ወደ ክስ ይሄዱና ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ፤ በቀላሉ ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን የመጀመሪያውንም በዚያው ይተዉታል።

በመጀመሪያው ልቀጥል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኖታል። ትርፍ ሰዓት ማሠራት የሚቻለውም ባለቤቱ በፈለጉ ቁጥር ሳይሆን አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ሲያስፈልግ ነው፤ ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲባዛ 12 ሰዓት ነውና የእናንተ ድርጅት ለልዩ ሁኔታ የተፈቀደውን ጣሪያ የዘወትር ልማድ አድርጎታል። ክፍያውን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታሰዪዋለሽ፤ ቢሆንም ለሌሎች አንባቢዎች እንዲጠቅም እዚህ አስቀምጠዋለሁ። የ2,800 ብር ደመወዝ በወር በአማካይ ለ208 ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋ 13 ብር ከ46 ሳንቲም ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ይህ በ1.5 ስለሚባዛ 20 ብር ከ19 ሳንቲም ይደርሳል። በወር 52 ትርፍ ሰዓት ለሚሠራ አንድ ሰው ወደ 1,050 ብር ማለት ነው። ለ90 ሰው በወር 94,500 ብር፣ በስድስት ወር 567,000 ብር። ይህ ገንዘብ የሠራተኞቹ ነው፤ ከድርጅቱ ትርፍ ውስጥ ተደባልቆ የተቀመጠ የእነርሱ ንብረት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚሠሩ ካሉ ብዜቱ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ነው። በጥምቀት ቀን፣ ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ በማሸጊያው ላይ የቀሩ እናቶች ካሉ፣ የዚያ ቀን ሥራቸው በሁለት ተኩል እጥፍ መታሰብ ነበረበት።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብሽ እወዳለሁ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በጥቅምት መጨረሻ መከፈል የነበረበት ሒሳብ ሚያዝያ ሲያልቅ ይጠፋል። ስለዚህ «እስኪ እንየው፣ እስኪ እንታገሥ» የሚለው ምክር፣ በሌላ ጉዳይ መልካም ሊሆን ቢችልም፣ በዚህ ጉዳይ በየወሩ የአንድ ወር ገንዘብ ያስቀራል። ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎትም ክሱ ከቀረበለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል።

ወደ ሁለተኛውና ይበልጥ ወደሚያመው በደል እንምጣ። 2,800 ብር መክፈል በአገራችን ሕግ ጥፋት ያልሆነው ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋምና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው በጥናት እንዲወስን ይደነግጋል፤ ነገር ግን አንቀጹ ከወጣ በኋላ ያለፉት ዓመታት ለማሸጊያዋ ሴት አንድ ሳንቲም አላመጡላትም። ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነም ልብ በዪ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የያኔው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1966 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የዝቅተኛ ደመወዝ ውሳኔ ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄውን ያነሡት ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን ደመወዝ 6,000 ብር አድርጓል። ይህ ውሳኔ የግል ድርጅትን አያስገድድም፤ ሆኖም ከዚያ ባነሰ ለመኖር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ መንግሥት ራሱ አምኖ የተቀበለበት ቁጥር ነው። የእናንተ ሠራተኞች ደመወዝ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከ2,800 ብሩ ላይ ከ2,000 ብር በላይ ባለው 800 ብር 15 በመቶ፣ ማለትም 120 ብር ግብር፣ ደግሞም 196 ብር ለጡረታ ሲቀነስ እጃቸው ላይ የሚደርሰው 2,484 ብር ነው።

ትርፉ ከ6 ወደ 14 ሚሊዮን እንዴት ሊያድግ እንደቻለ ባለቤቱ በትጋታቸውና በጥበባቸው ያመካኙት ይሆናል፤ ድርሻም ሊኖራቸው ይችላል። ሆኖም የሆነውን በሒሳብ ዓይን ተመልከቺው። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእነዚህ ዓመታት እህሉ፣ ማሸጊያው፣ ነዳጁ ሲወደድ ባለቤቱ በመሸጫ ዋጋቸው ላይ እየጨመሩ ራሳቸውን ጠብቀዋል፤ ይህን ማድረግ መብታቸው ነው፤ ባያደርጉ ድርጅቱ ይዘጋ ነበር። ከሚገዟቸው ነገሮች ሁሉ ዋጋው ያልተሻሻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሰው ጉልበት ነው። ምርቱ በዛሬ ዋጋ ይሸጣል፤ ጉልበቱ በ2014 ዋጋ ይገዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የት እንደሚሄድ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ከዓመታዊው ሒሳብ ግርጌ ላይ ተደምሮ ታይቶሻልና። ደመወዙ «ቆመ» ይባላል እንጂ አልቆመም፤ በየዓመቱ ሲቀነስ ኖሯል፤ የተቀነሰው በሠራተኛዋ መሶብ በኩል ስለሆነ በመዝገብ ላይ አይታይም።

«አንዱ ቢሄድ ዐሥሩ በር ላይ ቆሟል» የሚለው አነጋገር፣ እንደ መረጃ ከተወሰደ፣ እውነት ነው። ጎንደር ውስጥ ሥራ ፈላጊው በዝቷል። ቱሪስት ሲቀንስ ከሆቴል፣ ከአስጎብኚነትና ከዕደ ጥበብ ገበያው ይተዳደር የነበረው ሰው እጁን ለሌላ ሥራ ዘርግቷል፤ ከገጠር በጸጥታ ችግር የወጣውም ከተማውን ሞልቶታል። እውነት ያልሆነው ከዚህ የሚወሰደው መደምደሚያ ነው። ሰው መቸገሩ የጉልበቱን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ አጋጣሚ ይፈጥራል እንጂ ሥልጣን አይሰጥም። በበር ላይ የቆመችው ሴት ነገ ገብታ በ2,800 ብር ስትቀጠር ችግሯ አይቃለልም፤ ከውጭ ችግረኛነት ወደ ውስጥ ችግረኛነት ትዛወራለች እንጂ። ይህን የሚለውጠው ደግሞ ነጠላ ሠራተኛ አይደለም። ነጠላ ሠራተኛ በዚያ በር ፊት ምንም ኃይል የለውም፤ 90ው በአንድ ቃል ሲናገሩ ግን ባለቤቱ 90 የሠለጠኑ እጆችን በአንድ ጠዋት ከበር ላይ ሊያነሡ አይችሉም።

ስለ ባለቤቱ ደግነት የጻፍሽው ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ፣ ለሐዘንተኛ የሚደርስ ሰው እንዴት በዳይ ይባላል? እንደ እኔ እምነት ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእርሳቸው ልግስናም ማስመሰል ነው ብዬ አልፈርድም። ነገር ግን ምጽዋት ሰው ከራሱ ገንዘብ የሚሰጠው ነው። ያልተከፈለው 94,500 ብር በየወሩ በእጃቸው እያለ፣ ከዚያው ላይ ተነሥቶ ለሐዘንተኛዋ ድንኳንና እህል ሲላክላት፣ የራሷ ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ስጦታ ሆኖ ተመልሶላታል። በዚያም ላይ አመስግና ትቀበላለች፤ ውለታም ይሆንባታል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝ ይጨመርልኝ ማለት ነውር መስሎ ይታያታል። የጎንደር ሰው ውለታ አይረሳም፤ ይህ መልካም ጠባያችን ነው፤ በሥራ ቦታ ግን መብትን የሚያዘጋ ሆኖ ሲገኝ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተወገዘ ነው፤ ንስሐ አባታቸውም ቢጠየቁ ከሕንፃው መዋጮ በፊት የሠራተኛው ይከፈል እንደሚሉ አልጠራጠርም። ባለቤቱ በእውነት እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ከሆኑ ይህን መስማት ይችላሉ፤ እንዲሰሙትም ዕድል ሊሰጣቸው ይገባል።

ዕድሉን ልትሰጪያቸው የምትችዪው ደግሞ በሙያሽ ነው። «ደመወዝ ብጨምር እዘጋለሁ» የሚለውን ቃል ብዙ ባለሀብት የሚናገረው ሳያሰላ ነው። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ መብራት በሚጠፋበት፣ መንገድ በሚዘጋበት ክልል ውስጥ በኪሳራ የሚንገታገት ድርጅት እንዳለ አውቃለሁ። የእናንተ ግን አይደለም። እስኪ ደመወዙ ከ2,800 ወደ 4,000 ብር ከፍ ቢል እንበል። ለ90 ሰው በወር 108,000 ብር፣ በላዩ የባለቤቱ የጡረታ ድርሻ 11,880 ብር፣ በድምሩ 119,880 ብር፤ በዓመት 1,438,560 ብር ይሆናል። ደመወዝ ተቀናሽ ወጪ ስለሆነ 30 በመቶው የትርፍ ግብር ከዚህ ላይ ይቀንሳልና ከተጣራው ትርፍ የሚጎድለው አንድ ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። 14 ሚሊዮኑ 13 ሚሊዮን ይሆናል። ይህን በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ፣ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር አዲሱን ለማሠልጠን የሚጠፋውን ምርትና ብልሽት ጨምረሽ፣ ብቻቸውን ባገኘሽበት ሰዓት አቅርቢላቸው። ለምሳሌ ያነሣሁት 4,000 ብር ፍትሐዊ ደመወዝ ነው ማለቴ አይደለም፤ በ4,000 ብርም ጎንደር ውስጥ ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው። ከትርፋቸው ከሰባት በመቶ ብዙም በማይበልጥ መሥዋዕትነት የ90 ቤተሰብ ገቢ በ40 በመቶ ገደማ ሊጨምር እንደሚችል ይዩት ለማለት ነው። የትርፍ ሰዓቱንም ጉዳይ በዚያው ገጽ ላይ አስፍሪው፤ እርሱ ግን ልመና ሳይሆን ዕዳ መሆኑ በግልጽ ይታይ።

የማውቀውን ለሠራተኛው ልናገር ወይ ላልሽው፦ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ፎቶ አንሥተሽ ወይም ቅጂ ይዘሽ አትውጪ። ያለ አሠሪው ፈቃድ ንብረትን ከሥራ ቦታ ማውጣት በአዋጁ ለሠራተኛ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ሰበብ አንቺ ብትባረሪ ሠራተኞቹ የሚያጡት እነርሱን ሊረዳ የሚችለውን አንድ ሰው ነው። ደግሞም አያስፈልግሽም። ሕጉ የሰጠሽ የተሻለ መንገድ አለ። አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ መያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን ማሳየትና በላዩ የሰፈረውን ማስረዳት ግዴታው ነው። በእናንተ ድርጅት ይህን ግዴታ በተግባር የሚፈጽመው ማን ነው? አንቺ ነሽ። አንዲት ሠራተኛ መስኮትሽ ላይ መጥታ «የእኔ እንዴት ተሰላ?» ብትልሽ፣ መደበኛ ሰዓቷን፣ ተቀናሹን፣ የትርፍ ሰዓት ዓምዱ ባዶ መሆኑንና በሕግ ስንት ሊሆን ይገባ እንደነበር በግልጽ ማስረዳት የሥራ ግዴታሽን መወጣት ነው። ሁሉም በየተራ ቢመጡና ቢጠይቁ ምሥጢር ያወጣ ሰው አይኖርም። እያንዳንዳቸውም የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በደብተር ይጻፉ፤ በፍርድ ቤት ፊት ከብዙ ምስክር ይልቅ በየቀኑ የተጻፈ ማስታወሻ ይረዳል።

የደመወዝ ጭማሪው ጥያቄ ግን በማኅበር ካልሆነ በስተቀር አይያዝም። ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ የአባላቱ ቁጥርም ከዐሥር ማነስ የለበትም። 90 ሰው ባለበት ቦታ ዐሥር ደፋሮች አይጠፉም። አንቺም አባል መሆን ትችያለሽ፤ ሕጉ የሚያገልለው የመቅጠር፣ የማሰናበትና የድርጅቱን ፖሊሲ የመወሰን ሥልጣን ያለውን የሥራ መሪ ነው፤ ደመወዝ ማዘጋጀት ያንን አያደርግሽም። የማኅበር አባል መሆን ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ደንግጓል። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት፤ ይህችንም ቀን ማሳለፍ አይገባም።

ስብሰባው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፤ በሥራ ሰዓት ያለ ፈቃድ መሰብሰብ የተከለከለ ስለሆነ ለባለቤቱ ሰበብ ይሰጣል። በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ሰዎች ተሰብስበው መታየታቸው ራሱ በጥርጣሬ ሊታይ እንደሚችል ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ በሰው ቤት ተደብቆ ከመገናኘት ይልቅ ለከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅና በግልጽ መሰብሰብ ይሻላል። ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም የመተዳደሪያ ደንብ አዘገጃጀት እገዛ መጠየቅ ይቻላል። ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ የኅብረት ድርድር ጥያቄውን በጽሑፍ ሲያቀርብ ባለቤቱ በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ ይኖርባቸዋል። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ መዘግየትም፣ ጉቦና ትውውቅም ሊያጋጥም ይችላል፤ አጭሩን መንገድ ባውቅ አልደብቅሽም ነበር።

ማኅበሩን አንቺ እንድትመሪው ግን አልመክርሽም። የማሸጊያው እናቶች ራሳቸው መሪያቸውን ይምረጡ፤ ከእነርሱ መካከል በሥራውም በዕድሜም የተከበሩ ሴቶች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ባለ 11,000 ብሯ የቢሮ ሠራተኛ ከፊት ስትቆም ባለቤቱ «እርሷ አሳመፀቻቸው» ለማለት ይቀናቸዋል፤ ሠራተኞቹም ጉዳዩን የአንቺ አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። አንቺ ቁጥሩን አስረጂ፤ ድርድሩ ሲመጣ ስሌቱን አዘጋጂላቸው።

ሥራውን ትቶ ስለ መውጣት፦ አሁን አትውጪ። ብትወጪ በአንቺ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ያንን ዝርዝር ሳይጠይቅ ሊፈርም፣ መስኮቱ ላይ የምትመጣዋንም ሴት «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» ሊላት ይችላል። በፍርሃት ታስረሽ እንዳትቀሪ ግን ከወዲሁ ተዘጋጂ። የጥቂት ወራት የቤት ኪራይና ለእናትሽ የምትልኪውን የሚሸፍን ገንዘብ በትንሽ በትንሹ አስቀምጪ፤ በባንኮች፣ በሆስፒታሎችና በዩኒቨርሲቲው የሚወጡ የሒሳብ ክፍት ቦታዎችን ተከታተዪ። ለሐሰተኛው ሰነድ ካስገደዱሽ ያን ጊዜ መውጣት አለብሽ፤ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ጠይቂ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው።

ለባለቤቱ የምታቀርቢውን አንድ ገጽ ከማስገባትሽ በፊት፣ የድርጅቱን ስም ሳትጠቅሺ፣ ረቂቁን ለዚህ ዓምድ ብትልኪልኝ ስሌቱንና አጻጻፉን አይቼ እመልስልሻለሁ።